ሰማያዊው ፓፍ እየከፈተልኝ ቡናማው ለምን ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ «የጅማ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። በአንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ቡና እየለቀምኩ መተዳደር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። አስም አለብሽ ከተባልኩ ደግሞ አምስት ዓመቴ ነው። ሲያፍነኝ ሰማያዊውን ፓፍ ሁለት ጊዜ ስስብ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይከፍትልኛል። አንዱ ብልቃጥ በወር ከአሥራ አምስት ቀን ያልቃል። ሐኪሙ ቡናማ ፓፍም አዝዞልኝ ነበር፤ ሲያፍነኝ ብስበው ምንም ስላልሠራልኝና ስቴሮይድ ነው፣ ሱስ ያስይዛል ስለተባልኩ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። ሥራ ላይ ከማስነጠስና ከትንሽ ሳል በቀር ደህና ነኝ። የሚብስብኝ ሌሊት ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ስለሆነ የጅማ ብርድ ነው እላለሁ። ደህና በምሆንበት ቀን ሳንባዬ ጤነኛ ነው ማለት ነው? ውስጡ የሚጎዳ ነገር ካለስ የተጎዳው ይመለሳል?»

ምላሽ፦ ደህና በሚሆኑበት ቀንም የአየር ቱቦዎችዎ ጤነኞች አይደሉም። ማፈኑና ሲር ሲር የሚለው ድምፅ የበሽታው ምልክቶች ናቸው፤ በሽታው ራሱ ግን ድምፅ በማይሰማበትም ቀን እዚያው አለ። አስም የአየር ቱቦ ውስጠኛ ሽፋን ለረጅም ጊዜ ተቆጥቶ የሚቆይበት በሽታ ነው። ሐኪሞች ብግነት የምንለው ይህንኑ መቆጣት ነው። እርስዎ አምስት ዓመት ሙሉ ምልክቱን እያስታገሡ በሽታውን ሳያክሙት ቆይተዋል። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ቡናማው ፓፍ ሲሰጥዎ የሚሠራውን ሥራ ቁጭ ብሎ ያስረዳዎት ሰው ያለ አይመስልም።

አየር ከጉሮሮ ወርዶ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ቧንቧው ሃያ ሦስት ጊዜ ያህል እየተከፈለ ይሄዳል። ከሁለት ሚሊ ሜትር የሚጠብቡት ቱቦዎች እንደ ትልልቆቹ የሚደግፋቸው ጠንካራ ልም አጥንት የላቸውም። ዙሪያቸውን የሚጠመጠም ጡንቻ ግን አላቸው፤ ወገብ ላይ እንደሚታሰር መቀነት አድርገው ያስቡት። የቱቦው የውስጥ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። አብዛኞቹ ሕዋሳት አናታቸው ላይ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ የሚወዛወዙ ጥቃቅን ፀጉሮች አሏቸው፤ አቧራና አክታን ወደ ላይ የሚገፉት እነዚህ ናቸው። በመካከላቸው ጽዋ የሚመስሉ ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳት ጣል ጣል ብለው ይገኛሉ። ከሽፋኑ በታች ቀጭን መሠረት አለ፤ ከመሠረቱ በታች ደግሞ የደም ሥሮች፣ ዘብ የቆሙ የመከላከያ ሕዋሳትና መቀነቱ። አስም እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ይለውጣቸዋል።

ከእርስዎ የሥራ ጠረጴዛ እንጀምር። ያልተቆላ ቡና ሲበጠርና ሲለቀም የሚነሣው ብናኝ በሙያ ምክንያት የሚመጣ አስምን ከሚያስከትሉ የታወቁ ነገሮች አንዱ ነው። በጥሬው ፍሬ ውስጥ ሰውነት እንደ ጠላት ሊቆጥራቸው የሚችል ፕሮቲኖች አሉ። ጆንያው ቀደም ሲል ጉሎ ተጭኖበት ከነበረ ደግሞ የጉሎ ብናኝ ይታከልበታል፤ እሱ ከቡናው የባሰ ነው። (ጀበናው ግን ነፃ ነው። ቡና ሲቆላ እነዚህ ፕሮቲኖች በአብዛኛው ይሰባበራሉና መጠጣትዎን አይተዉ። ወደዚህ እመለሳለሁ።) ብናኙ የቱቦው ሽፋን ላይ ሲያርፍ ሕዋሳቱ ዝም ብለው አይቀበሉትም። ሲቧጨሩ የአደጋ ጥሪ የሚያሰሙ ኬሚካሎች ይረጫሉ። ጥሪውን የሚሰሙት ሽፋኑ ሥር የተቀመጡ ሕዋሳት የብናኙን ቁራጭ ይዘው በአቅራቢያ ወዳለው የንፍፊት ዕጢ ይሄዳሉ፤ እዚያም ለነጭ የደም ሕዋሳት «ይህን ዕወቁት» ብለው ያሳያሉ። አስም ባለበት ሰው እነዚህ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ አንድ ዓይነት ያደላሉ። ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13 የሚባሉ ሦስት የትእዛዝ ኬሚካሎችን ያወጣሉ። ቁጥራቸውን መሸምደድ አያስፈልግዎትም፤ የሥራ ክፍፍላቸውን ማወቅ ግን ይጠቅማል። አራተኛው ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለው የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያዝዛል። አምስተኛው ኢዮሲኖፊል የሚባሉ ሕዋሳትን ከአጥንት መቅኔ ይጠራል። አሥራ ሦስተኛው ደግሞ ንፍጥ አመንጪዎቹን ያበዛል፣ መቀነቱንም ቁጡ ያደርገዋል።

ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ ከተመረተ በኋላ ማስት ሴል በሚባሉ ዘበኞች ገላ ላይ እንደ ወጥመድ ተተክሎ ይጠብቃል። የሰለጠነበት ብናኝ በሌላ ቀን መጥቶ ሁለት ወጥመዶችን ሲያገናኝ ማስት ሴሉ በከረጢቶቹ ያጨቀውን ሂስታሚን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረግፋል። ወዲያውም ሉኮትሪን የተባሉ፣ ጡንቻ በመጨበጥ ከሂስታሚን እጅግ የሚያይሉ ኬሚካሎችን ይሠራል። መቀነቱ ይጠብቃል፣ የደም ሥሮቹ ውኃ ያንጠባጥባሉ፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ ንፍጥ ይፈስሳል። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ቀን ላይ የሚሉት ማስነጠስና ትንሽ ሳል ይህ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዙር ግን ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይዘገያል። የተጠሩት ኢዮሲኖፊሎች ከደም ሥር ወጥተው ቱቦው ውስጥ የሚሰፍሩት ያን ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ የገባው ብናኝ ሂሳቡን የሚያወራርደው ሌሊት ነው። በዚያ ላይ ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ኮርቲዞልና አድሬናሊን ሌሊት ላይ ዝቅ ስለሚል ቱቦው በተፈጥሮም የሚጠብበት ሰዓት ነው። ስለዚህ «ሥራ ላይ ደህና ነኝ» ማለትዎ ሥራዎን ነፃ አያወጣውም። እንዲያውም እኔ ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መጋዘኑን ነው።

ኢዮሲኖፊል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እሱ ነው። ይህ ሕዋስ ቆዳው ወፍራም የሆነ የአንጀት ትልን ለመዋጋት የታጠቀ ነው። በሆዱ የያዛቸው መርዛማ ፕሮቲኖች የትልን ገላ የሚልጡ ናቸው። ትል በሌለበት ቱቦ ውስጥ ሲፈነዳ የሚልጠው የራሳችንን ሽፋን ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን ሌሊት ታፍኖ የመጣ ሰው የተፋውን አክታ፣ ብጫ አረንጓዴ ጎማ የመሰለ ቁራጭ፣ መስታወት ላይ ደፍጥጦ በማይክሮስኮፕ አሳየን። በሐምራዊ ቀይ ሕዋሳት መካከል ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ፣ መስታወት የመሰሉ ክሪስታሎች ተበትነው ነበር። ቻርኮትና ላይደን በተባሉ የ19ኛው መቶ ዘመን ሐኪሞች ስም ይጠራሉ። የፈነዱ ኢዮሲኖፊሎች ፕሮቲን ሲረጋ የሚሠራቸው ናቸው። አጠገባቸው እንደ ክር የተጠመዘዘ ንፍጥ ነበር፤ የአንዲት ትንሽ ቱቦ ቅርጽ ሳይለወጥ የወጣ። በዚያ ቀን አስም «ትንፋሽ ማጠር» መሆኑ ከአእምሮዬ ወጣ። በአክታው መወፈር የተነሣ አየር ያላለፈበት ቱቦ ነበር ያየሁት። የአክታው ቀለም ግን ያሳስታል፦ ኢዮሲኖፊልም አክታን ያቀልመዋልና ብጫ አክታ ሁሉ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይሻም።

አሁን ስለሚቀረው ጉዳት። የጭቃ ቤት ግድግዳ በየዓመቱ ሲመረግ አይተው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ሲመረግ ክፍሉ አይጠብም፤ ሃያ ዓመት ቢመረግ ግን አልጋው በነበረበት አይገባም። ሽፋኑ በተላጠ ቁጥር ሰውነት ሊጠግነው ይነሣል። ጠጋኞቹ ሕዋሳት ከሽፋኑ ሥር ባለው መሠረት ላይ ኮላጅን የሚባለውን የጠባሳ ገመድ ይደርባሉ፤ ጤናማው መሠረት ከአምስት ማይክሮ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን በአስም ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊወፍር ይችላል። መቀነቱም ሲሠራ የዋለ ክንድ እንደሚደድር ይደድራል፤ ቃጫዎቹ ይወፍራሉ፣ ይበዛሉም። ንፍጥ አመንጪዎቹ ባለፀጉሮቹን እየተኩ ይሄዳሉ፣ የሚጠርገው ሲያንስ የሚጠረገው ይበዛል። አዳዲስ የደም ሥሮችም ይበቅላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሽማግሌ ሳንባ ላይ ብቻ አይደለም፤ የመሠረቱ መወፈር አስም ባለባቸው ልጆችም ላይ ታይቷል።

ትንሽ መጥበብ ለምን ይህን ያህል ያፍናል የሚል ሰው ቁጥሩን ይየው። አየር ቀጥ ብሎ በሚፈስስባት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት በግማሽ ቢቀነስ ለመተንፈስ የሚጠይቀው ጉልበት ሁለት እጥፍ አይደለም የሚሆነው፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። መሠረቱ ቀድሞ በወፈረና ንፍጥ በተለጠፈበት ቱቦ ውስጥ መቀነቱ ትንሽ ቢጠብቅ በር እንደመዝጋት ነው።

ወደ ሁለቱ ፓፎች ስንመጣ፣ ሰማያዊው፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ መቀነቱን ያላላል። የጡንቻው ሕዋስ ላይ ያለ መቀበያ ላይ ተቀምጦ «ልቀቅ» የሚል መልእክት ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በደቂቃዎች ይሠራል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። ኢዮሲኖፊሉን አይነካም። እብጠቱን አያጎድልም፣ የረጋውን ንፍጥ አያወጣም፣ የመሠረቱን መወፈር አያቆምም። ይባስ ብሎ ብቻውን አዘውትረው ሲወስዱት የጡንቻው መቀበያዎች እየቀነሱ ይሄዳሉ፣ ቱቦውም ለብናኝ ይበልጥ ቁጡ ይሆናል። አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ 200 ፓፍ፣ ማለትም 200 ጊዜ ተጭነው የሚስቡት፣ ይይዛል። በ45 ቀን ካለቀ በቀን ከአራት በላይ ማለት ነው፤ በዓመት ስምንት ብልቃጥ። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ መታፈን የሚያደርሰው አደጋ ከፍ ይላል፣ አሥራ ሁለት የሚጨርስ ደግሞ የሞት አደጋው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሳልቡታሞልን ብቻውን ማዘዝ አቁሙ የሚለው ለዚህ ነው።

ቡናማው፣ ቤክሎሜታዞን የተባለው ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ፣ የሚሠራው ከሕዋሱ እምብርት ውስጥ ነው። የሕዋሱን ቆዳ አልፎ ከመቀበያው ጋር ይያያዝና ዘረ መሎቹ ወደተጠቀለሉበት ክፍል ይገባል፤ እዚያ እነዚያን የትእዛዝ ኬሚካሎች የሚያመርቱትን ዘረ መሎች ያዘጋል። ኢዮሲኖፊሎች ያለ ጠሪ ይቀራሉ፣ የደረሱትም ፈንድተው ሳይሆን ተኮማትረው ይሞታሉ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ መርዛቸውን አይረጩምና። ንፍጡ ይቀንሳል። የሰማያዊው መቀበያዎች እንኳ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ቡናማውን የሚወስድ ሰው ሰማያዊው ይበልጥ ይሠራለታል። ይህ ሁሉ ግን ዘረ መል እስኪታዘዝና ፕሮቲን እስኪለወጥ ጊዜ ይፈልጋል። ሲያፍንዎት ስበውት «ምንም አልሠራልኝም» ያሉት ዘር ዘርተው በማግስቱ እሸት እንደመጠበቅ ነው። ለውጡ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፣ የቱቦው ቁጡነት እስኪበርድ ግን ወራት ይፈጃል። እርስዎ ያቆሙት ገና መሥራት በጀመረበት ሳምንት ነው።

ሱስ የሚለው ወሬ ስቴሮይድ ከሚለው ስም የመጣ ነው። ለመታፈን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ ክኒን 40 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ አንድ ቀን ሁሉ የሚስቡት ቤክሎሜታዞን 200 ማይክሮ ግራም ቢሆን ከክኒኑ ሁለት መቶ እጅ አንዱ ነው፣ እሱም የሚያርፈው ቱቦው ላይ ነው። አፍ ውስጥ ነጭ ቁስል ሊያመጣና ድምፅ ሊያጎረንን ይችላል፤ ከወሰዱ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት አብዛኛውን ይከላከላል። ፍርሃቱ የሚገባው ለሌላው ነው፦ ታፍኖ በየክሊኒኩ መርፌ እየተወጉ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ክኒን መውሰድ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የዓይን ሞራ ያመጣል። በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ ስትሮንጊሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል ያለበት ሰው የስቴሮይድ ክኒን ሲወስድ ትሉ ሊዛመትበት ይችላልና ክኒን ከመደጋገም በፊት የሰገራ ምርመራ ያስፈልጋል።

ስለ ብርዱ። ቀዝቃዛ አየር የተቆጣን ቱቦ ይቀሰቅሳል፤ በሽታውን ግን አይፈጥርም። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናቧ ረጅም የሆነ ከተማ ናት። እርጥበቱ ከብርዱ ይልቅ ያሳስበኛል፦ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮችና ሻጋታ በፍራሽና በግድግዳ የሚራቡት በእርጥበት ነው። በዚህ ጉዳይ ጅማ በሕክምናው ዓለም ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት የተሠራው እዚሁ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ነው። ሲር ሲር ማለትና አስም በከተማው በብዛት ታየ። የሚያስገርመው በገጠሩ ለአቧራ ተባይ በቆዳ ምርመራ የሚቆጣ ሰው ቢኖርም ቁጣው ወደ አስም አይለወጥም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ተከታይ ጥናት መንጠቆ ትል የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የማለት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ትሉ ራሱን ለማኖር የሰውነትን ቁጣ የሚያበርዱ ሕዋሳትን ስለሚያነቃቃ ይመስላል። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ ትል ልውሰድ እንዳይል፤ ሆን ብሎ በትል መያዝን የሞከረ ጥናት አስሙን አላሻሻለም፣ ደም ማነስ ግን የታወቀ ዋጋው ነው። ቁም ነገሩ አለርጂ ብቻውን አስም አለመሆኑ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። የወስፋት እጭ በሳንባ ሲያልፍም ሲር ሲር ያሰኛል፣ በደም ውስጥ ያለውን ኢዮሲኖፊልም ያበዛል። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ደግሞ በአገራችን ሁልጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቃል። አስም ተብሎ አምስት ዓመት የቆየ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ስፓይሮሜትሪ በሚባለው የትንፋሽ ምርመራ ተለክቶ መረጋገጥ አለበት፦ ሳልቡታሞል ከወሰዱ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው አየር በ12 ከመቶና በ200 ሚሊ ሊትር ቢያንስ ከጨመረ ለአስም የሚያደላ ነው። በምርመራው ቀን ሰማያዊውንም ቡናንም ለተወሰኑ ሰዓታት ይተዉ፤ ካፌይን ቴዎፊሊን የተባለው የቆየ የአስም መድኃኒት የሥጋ ዘመድ ነውና ቱቦን ጥቂት ይከፍታል፣ ምርመራውንም ያሳስታል። ለሕክምና ግን አይበቃም፤ ቢበቃ ኖሮ ጅማ ላይ አስም ባልኖረ ነበር።

የሚመለስና የማይመለስ የሚሉትን በግልጽ ልበል። እብጠቱና ንፍጡ ይመለሳሉ፣ የተላጠው ሽፋን ይበቅላል። የወፈረው መሠረት ብዙም አይሳሳም፤ የደደረው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ አይቀልም። ማድረግ የሚቻለው ከዚህ በላይ እንዳይመረግ ማድረግ ነው፤ እሱም ብዙ ነው። ሌላም ወሰን አለ፦ የማገዶና የከሰል ጭስ፣ ትምባሆና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያስቆጡት ቱቦ ውስጥ የሚሰፍሩት በብዛት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ኒውትሮፊሎች፣ ናቸው፤ እነዚህ ለስቴሮይድ ደካማ ምላሽ ይሰጣሉ። ጭስ ውስጥ እየጋገሩ ቡናማውን መውሰድ ግማሽ ሕክምና ነው። ኢንተርሉኪኖቹን በቀጥታ የሚያግዱ ውድ መርፌዎች በውጭ አገር አሉ፤ ለከባድ አስም የተሠሩ ናቸው፣ መሠረታዊውን ያልሞከረ ሰው አያስፈልጉትም።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህን ነው፦ ቡናማውን ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪምዎ ዘንድ ሄደው እንደገና ያስጀምሩ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቢያፍንዎትም ባያፍንዎትም፣ ቢያንስ ሦስት ወር። ሲሻልዎ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው። ሰማያዊውን አይጣሉ፤ ለመታፈን ብቻ ያቆዩት፣ በወሰዱ ቁጥርም ቡናማውን አብረው እንዲወስዱ ሐኪሙን ይጠይቁ። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ ሲገዙ ስሙን ያንብቡ። እርግዝና ቢመጣም ቡናማውን አያቋርጡ፤ ለጽንሱ የሚከፋው የእናቱ መታፈን ነው።

አወሳሰዱም ጉዳይ ነው። ፓፉን በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጩት ብዙው ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስፔሰር የሚባለው፣ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው መያዣ ከጠፋ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል፤ በደቡብ አፍሪካ ልጆች ላይ ተሞክሮ ከተሸጠው ጋር ተወዳድሯል። በታችኛው ቂጡ በኩል የፓፉ አፍ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ይቁረጡ፣ አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ይድፈኑ። በሳሙና ውኃ አጥበው ሳይወለውሉት ይድረቅ፤ በጨርቅ ከተጠረገ ፕላስቲኩ የመድኃኒቱን ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። ፓፉን ነቅንቁ፣ ትንፋሻችሁን አስወጡ፣ አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ በፕላስቲኩ አንገት በኩል በቀስታ ሳቡ፣ እስከ አሥር እየቆጠሩ ያዙ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚጫኑት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሁለት ጊዜ በአንድ ላይ መጫን ማባከን ነው።

መጋዘኑን በተመለከተ ሥራዎን ይልቀቁ ብዬ በአንድ ደብዳቤ አልፈርድም፤ እንጀራ ነው። ግን ይፈተሽ። ፒክ ፍሎው የሚባለውን ቀላል የትንፋሽ ኃይል መለኪያ ካገኙ በቀን አራት ጊዜ እየነፉ ቁጥሩን ለአራት ሳምንት ይጻፉ፣ በውስጡ ሥራ የማይገቡባቸው ቀናት ይኑሩበት። ካላገኙ የሌሊቱን መታፈንና የሰማያዊውን ብዛት ይጻፉ። በእሑድና በበዓል፣ ይበልጥም በእረፍት ሳምንት ከተሻለዎ ብናኙ ነው። ያን ጊዜ ከመፈልፈያው ማሽን ርቀው፣ ነፋስ ከጀርባ እንዲመጣ ሆነው ወይም ወደ ተቆላ ቡና ሥራ እንዲዛወሩ አሠሪዎን ይጠይቁ። በሙያ የመጣ አስም ላይ ከብናኙ ቶሎ የራቀ ሰው የመዳን ዕድሉ ከዘገየው ይሻላል። ነጠላን አፍ ላይ ማሰር ጥቃቅኑን ብናኝ አይዝም። ልብስዎን ቤት ሲደርሱ ይለውጡ። የፍራሹን አንሶላ በሳምንት አንድ ጊዜ በፈላ ውኃ ያጥቡ፣ ፍራሹን ፀሐይ ያሙቁ።

ለራስ ምታት አስፒሪንና ዳይክሎፌናክ ሲወስዱ የሚያፍንዎት ከሆነ ዳግመኛ አይንኩ፤ ጥቂት የአስም ሕሙማን ላይ ሉኮትሪንን ያበዛሉ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብና የራስ ምታት መድኃኒት ደግሞ ለአስም ሕመምተኛ ፈጽሞ አይሆንም፤ ፋርማሲ ሲገቡ አስም እንዳለብዎ ቀድመው ይንገሩ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ድካሙ እያንቀላፋ ከወሰደዎ ወይም ሰማያዊው እንደ ወትሮው ካልከፈተ እስኪነጋ አይጠብቁ። በፕላስቲኩ በኩል ከሰማያዊው ከአራት እስከ አሥር ፓፍ በየ20 ደቂቃው እየሳቡ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ጠፍቶ ማፈኑ ከባሰ ተሻለኝ እንዳይሉ፤ ድምፅ የሚያሰማ አየር እንኳ መግባት ሲያቆም ደረት ዝም ይላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ በዚህ ዓመት የጨረሷቸውን ባዶ ሰማያዊ ብልቃጦች በፌስታል ሰብስበው፣ የሌሊቱን ማስታወሻ ጨምረው ይዘው ይሂዱ፤ ሥራዎ ምን እንደሆነም ሳይጠየቁ ይንገሩት።